ቁስሉ ከቁርጭምጭሚት፣ ነገሩ ከብሽሽት

የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 47 ነው፤ አራት ልጆች ወልጃለሁ። የምተዳደረው እንጀራ ጋግሬ ለሆቴሎች በማስረከብ ነው፤ 19 ዓመት ሆነኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ እስከ እኩለ ቀን ሁለት ምጣድ ፊት እቆማለሁ። የግራ እግሬ ደም ሥር ከሁለተኛው ልጄ ወዲህ እንደ ገመድ ተጠማዞ ይታያል፤ አላመመኝምና ተውኩት። ኋላ ማታ ማታ ማበጥ ጀመረ። ቀጥሎ ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ቆዳው ጠቆረ፣ ደረቀ፣ ያሳክከኛል። የዛሬ ሰባት ወር የምጣዱ ማስቀመጫ ብረት ጫረኝና ያቺ ጭረት ቁስል ሆና ቀረች፤ አሁን የስኒ አፍ ታክላለች። አንድ ክሊኒክ አራት ጊዜ አንቲባዮቲክ አዘዙልኝ። ስኳር የለብሽም ተብያለሁ። ከጎረቤቶቼ አንዷ መጋኛ ነው ትላለች፣ ሌላዋ በዋግምት መጥፎው ደም ይውጣልሽ ትለኛለች። እግሬ ይቆረጥ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።
(እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንቅልፍዎን ያግኙ። የጻፉልኝ ሁሉ የደም መላሽ ሥር ቁስልን ይመስላል። ይህ ቁስል ሰውን ለዓመታት ያንገላታል እንጂ እግር እስከ ማስቆረጥ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። «ይመስላል» የምለው እግርዎን በዓይኔ ስላላየሁት ነው።

ለመሆኑ አራት ጊዜ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ስንት ጊዜ ቆመው ታዩ? እኔ ምርመራ ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋው አጠገብ፣ አናጢ የሠራልኝ አንዲት ዝቅ ያለች የጣውላ መርገጫ አለች። ታካሚው ሱሪውን ወይም ቀሚሱን ሰብስቦ እሷ ላይ ይቆማል፣ እኔ ባትሪ ይዤ እንበረከካለሁ። ጉልበቴ ባይወደውም ሌላ መንገድ የለም። ተኝቶ የታየ እግር ይዋሻል፤ ሲቆሙ ገመድ ያህል የነበረው ሥር አልጋ ላይ ሲወጡ ድምጥማጡ ይጠፋል። ሥሩን ያላየ ሐኪም የሚታየው ቁስሉ ብቻ ነው፣ ለቁስል ደግሞ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ አንቲባዮቲክ ነው። አካባቢው ካልቀላና ካልጋለ፣ መግል ካልያዘ፣ ትኩሳት ከሌለዎ ኪኒኑ ለዚህ ቁስል ምንም አይፈይድለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እግር ድረስ የወረደ ደም ዳገቱን የሚወጣው በባት ጡንቻ ነው። ባት እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው፤ በተራመዱ ቁጥር እየተጨመቀ ደሙን ሽቅብ ይገፋል። በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ በሮች ደሙ ሲያልፍ ይከፈታሉ፣ ልመለስ ሲል ይዘጋሉ። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ባሉት ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል፤ ጤነኛ እግር ሲራመድ ከ30 በታች ይወርዳል። በሮቹ ከላሉ ግን ቢራመዱም እንዳለ ነው። ብዙ ጊዜ ላልቶ የሚገኘው ብሽሽት ላይ ያለው በር ነው፤ በእርግዝና ሆርሞኑ ሥሩን ያለሰልሰዋል፣ ማህፀኑም ከላይ ይጫነዋል። እርስዎ ደግሞ በዚያ ላይ በቀን ስምንት ሰዓት ምጣድ ፊት ሲቆሙ ወናፉ ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው።

ጥቁረቱም ከዚሁ የመጣ ነው። ግፊቱ ቀይ የደም ሕዋሳትን ከቀጫጭኖቹ ሥሮች አሾልኮ ቆዳ ውስጥ ያስቀራቸዋል፤ የያዙት ብረት እንደ ዝገት ያጠቁረዋል። አንዲት ታካሚዬ ቆሻሻ መስሏት በሎሚና በድንጋይ ስትፈትገው ከርማ ነው የመጣችው።

ይህን ሁሉ እኛ ሐኪሞች በአጭሩ የምንጽፍበት ምደባ አለን። እ.ኤ.አ. በ1994 ሐዋይ ላይ የተሰበሰቡ የደም ሥር ሐኪሞች ያወጡት ነው፤ ሲኢኤፒ (CEAP) ይባላል፣ በ2020 ታድሷል። አራቱ ፊደላት አራት ጥያቄዎች ናቸው፦ ምን ይታያል? ምን አመጣው? የትኛው ሥር ነው? ደሙ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው ወይስ መንገዱ ተዘግቷል? የመጀመሪያው ጥያቄ ከ0 እስከ 6 ቁጥር ይሰጠዋል። ደብዳቤዎን ሳነብ ቁጥሮቹን በእርሳስ ዳር ዳር ጻፍኩባቸው። ሥሩ እንደ ገመድ ሲታይ 2 ነበሩ፤ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የወፈረ ሥር ማለት ነው። ማታ ማታ ማበጥ ሲጀምር 3፣ ቆዳው ሲጠቁር 4። አሁን 6 ላይ ነዎት፣ ክፍት ቁስል። ቁስሉ ሲድን 5 ይሆናሉ፤ ወደ 0 መመለስ ግን የለም። ሰው ሁሉ ይህን መሰላል ይወጣል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች 2 ላይ እንዳሉ ያረጃሉ።

የቀሩትን ሦስት ጥያቄዎች የሚመልሰው የእግር ደም ሥር ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው፤ ደሙ ወዴት እንደሚፈስ በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ ምርመራ። ይህም ቆመው ይሠራል፤ ክብደትዎን በደህናው እግር ላይ አድርገው። ባለሙያው ባትዎን ጨመቅ አድርጎ ይለቀዋል። ከቆዳ ሥር ባለው ሥር ውስጥ ደሙ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ወደ ታች ከፈሰሰ በሩ ላልቷል ማለት ነው፤ ጭንና ቋንጃ ላይ ባሉት ጥልቅ ሥሮች መለኪያው 1 ሴኮንድ ነው። ከወሊድ በኋላ አንድ እግርዎ ድንገት አብጦ ያውቅ እንደሆነም ያስታውሱና ይንገሩ፤ የቆየ የደም መርጋት ካለ አካሄዳችን ይለወጣል።

አሁን ወደ ሕክምናው። ዋናው መድኃኒት ፋሻ ነው፤ ሰው ሲሰማ ቅር ይለዋል። ከማሰርዎ በፊት ግን የእግር ጫፍ የልብ ምትዎ ይዳሰስ፣ የቁርጭምጭሚትዎ የደም ግፊት ከክንድዎ ጋር ይነጻጸር። የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል ከ0.8 በታች ከሆነ ደም ቅዳው፣ ማለትም ደም ወደ እግር የሚያወርደው ሥር፣ ጠቧልና ያለ ባለሙያ ፈቃድ እንዳይታሰር። ደህና ከሆነ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ መጀመሪያ ጥጥ፣ በላዩ ላስቲክ ፋሻ፣ ከጣቶችዎ ሥር ጀምሮ ተረከዝዎን ጨምሮ እስከ ጉልበትዎ ሥር። ጥብቀቱ ቁርጭምጭሚት ላይ ይበርታ፣ ወደ ላይ እየላላ ይሂድ። ብዙ ሰው ባቱን አጥብቆ ታቹን ያላላል፤ ያ እግርን በመቀነት ማነቅ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ነርስ ታስርልዎትና አይተው ይልመዱ። ጣቶችዎ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ወዲያው ይፍቱት።

ቁስሉን በፈላና በበረደ ውኃ ይጠቡት፣ ዙሪያውን ቫዝሊን ይቀቡ፣ በንጹህ ጎዝ ይሸፍኑ። የቡና ዱቄትና የካፕሱል ዱቄት አይነስንሱበት። ከጋገራ መልስ ተጋድመው እግርዎን ከልብዎ ከፍ አድርገው ግማሽ ሰዓት ያሳርፉ፣ ማታ የአልጋዎን ግርጌ በጡብ ከፍ ያድርጉት። ምጣዱ ፊት ሳሉም እንጀራው እስኪበስል ድረስ ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ወናፉ ይነፋ። ዋግምቱን ይተዉት። እዚያ መጥፎ ደም የለም፣ መውጫ ያጣ ደም እንጂ፤ በዚያ ቆዳ ላይ ምላጭ ማሳረፍ ሁለተኛ ቁስል መክፈት ነው።

ቁስሉ እስኪድን ጠብቀን ሥሩን እናክማለን የሚለው የድሮ ልማድ አሁን አይመከርም። እንግሊዝ አገር 450 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ከፋሻው በተጨማሪ ሥሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ የታከመላቸው ቁስላቸው በ56 ቀን፣ ሕክምናው የዘገየባቸው ደግሞ በ82 ቀን እንደዳነ አሳይቷል፤ ቁጥሮቹ የመሐል ናቸው፣ ግማሹ ሰው ከዚያ ቀድሞ፣ ግማሹ ዘግይቶ ይድናል ማለት ነው። ሥሩ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ከውስጥ ይዘጋል፣ አረፋ የሚሆን መድኃኒትም ይወጋበታል። እነዚህ በሌሉበት ብሽሽት ላይ አስሮ የመንቀሉ የድሮ ቀዶ ሕክምና አለ፤ እኔ የተማርኩት እሱን ነው፣ ዛሬም አልንቀውም። «ሥሩ ከተዘጋ ደሙ በየት ይሄዳል?» ይሉኛል ሁሉም። በጥልቁ ሥር ነዋ፤ ለዚህ ነው ጥልቁ ክፍት መሆኑ አስቀድሞ የሚታየው።

ከሦስት ወር ትክክለኛ ፋሻ በኋላ ቁስሉ ካልጠበበ ከዳሩ ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ ይመርመር። እግርዎ ድንገት አብጦ ትንፋሽ ካጠረዎ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ አባቴ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሐኪሙ የሚያጠብቅ ካልሲ አዘዘለት፤ ሁለት ቀን ለብሶ «እስር ቤት ነው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ አባትሽ ልክ ናቸው፣ ለማጥለቅ ያንገሸግሻል። እኔም ቀዶ ሕክምና ክፍል ስቆም 11 ዓመት ለብሼዋለሁ፤ ሚስቴ ጠዋት ጠዋት ስታገል እያየች ትስቃለች። ዘዴው የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ነው፤ ጨርቁ አይሾልክም። ካልሲውን እስከ ተረከዙ ገልብጪው፣ መጀመሪያ የእግሩ ጫፍ ይግባ፣ ከዚያ በመዳፍ እያሹ ወደ ላይ። ልኩ የሚወሰደው ጠዋት፣ እግሩ ሳያብጥ ነው፤ ከሰዓት ተለክቶ ከሆነ ይሰፋቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ጥብቀቱ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚለው ነው፤ ማሸጊያው ላይ እዪው። ማታ ይወልቃል።

ጥያቄ፦ ከምሥራቅ ጎጃም ነው የምጽፈው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ሁለቱም እግሮቻቸው ከጣታቸው ጀምሮ አብጠው ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ጣቶቻቸው ላይ እንደ ድንጋይ ሽበት ያለ ነገር በቅሏል። የደም ሥር በሽታ ነው ወይ?

መልስ፦ አይመስለኝም፣ ወንድሜ። የደም ሥሩ እብጠት ቁርጭምጭሚት ላይ ነው የሚጀምረው፣ ጣቶችን ብዙም አይነካም። የአንተ አባት ዓይነቱ ከጣት ተነስቶ የሚወጣው፣ ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ የሚመጣው ዝሆኔ ነው። አይጋባም፣ የዘር እርግማንም አይደለም። በየቀኑ በሳሙናና በውኃ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ቫዝሊን ይቀባ፣ ፋሻ ይታሰር። ጫማውን ስትገዛላቸው እግራቸውን በወረቀት ላይ አስቁመህ በእርሳስ ዙሪያውን ሥለህ ውሰድ፤ ሱቅ ውስጥ በግምት የተገዛ ጫማ አይገባላቸውም፣ ካልገባላቸው ደግሞ አይለብሱትም።