ኳሱ የእሱ፣ ቡድኑስ የማን?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን ራግቢ የምንጫወት ሃያ ልጆች ነን። ጨዋታውን ያስለመደን ከእንግሊዝ የመጣ የአክስቴ ልጅ ነው። እስካሁን ከኪሳችን እያዋጣን ነበር። አሁን አንድ የሰፈራችን ነጋዴ መለያና ጫማ ገዛልን። ሐረርም ሌላ ቡድን አቋቁሞ ውድድር ሊጀምር አስቧል። ግን ቡድኑ በእሱ ስም እንዲሆን ወረቀት አምጥቶ «ፈርሙ» አለን። ልጆቹ ለሁለት ተከፍለዋል። እንፈርም?

መልስ፦ የወረቀቱን ፎቶ አየሁት። ግማሽ ገጽ ናት። ሦስተኛው መስመር ላይ «ቡድኑ ከነተጫዋቾቹ የስፖንሰሩ ንብረት ይሆናል» ይላል። አቦ፣ እዚህ ጋ ሳቄ መጣ። ከነተጫዋቾቹ! ከነጥጃዋ እንደምትሸጥ ላም።

እንዲህ ሆኖ አትፈርሙ። ሰውየውን ግን አታባርሩት። ለራግቢ ጫማ የሚገዛ ነጋዴ እንደልብ አይገኝም።

በሕግ ዓይን ቡድናችሁ ገና አልተወለደም። ሃያ ልጆች አሉ፣ ስም አለ፣ ኳስ አለ። ንብረት የሚያፈራ፣ ውል የሚዋዋል፣ የሚከስና የሚከሰስ አካል ግን የለም። ስለዚህ አሁን የሚሸጥም የሚገዛም ነገር የለም። ቢሆንም ቀድሞ ወረቀት የያዘ ሰው ነገ ይከራከርበታል። ቀድማችሁ ተመዝገቡ።

መንገዱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ማኅበር ለማቋቋም አምስት አባላት ይበቃሉ፣ የበላይ አካሉም ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ አዋጁ በቀጥታ ይመለከታችኋል። የሐረር ልጆች ግን ክልል ውስጥ ስለሆኑ መጀመሪያ የክልላቸውን ሕግ ይጠይቁ። ሁለት ከተማ፣ ሁለት ሕግ። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ወረቀቱ ይለያል።

ማኅበር ገቢ ማግኘት ይችላል፣ ትርፍ ለአባላቱ ማከፋፈል ግን አይችልም። ነጋዴው የሚፈልገው ትርፍ ከሆነ በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ለብቻውም ቢሆን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ያ የእሱ የንግድ ድርጅት ነው። እናንተ ግን የድርጅቱ ዕቃ አትሆኑም። ደመወዝ ልክፈል ካለ ከእያንዳንዳችሁ ጋር የሥራ ውል ይግባ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ውድድሩ ነው። የድሬ ቡድን የእሱ። የሐረሩም የእሱ። አዘጋጁም እሱ። ታዲያ ዳኛውን ማን ይመድባል? በፍጻሜው ድሬ ቅሬታ ብታቀርብ ለማን ነው የምታቀርበው? ሁለቱም ቡድኖች እኩል ወኪል የሚያስቀምጡበት ኮሚቴ ይኑር። ነጋዴው ስብሰባ ይግባ፣ ድምፅ ግን አይስጥ። የከተማውን ስፖርት ቢሮም ከጅምሩ አማክሩ። በየቡድኑ ሰባት ተጫዋች በሚሰለፍበት ራግቢ ብትጀምሩ ደግሞ ጨዋታው ሁለት ጊዜ ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው። ለድሬ ፀሐይ እሱም አያንስም።

የአክስትህ ልጅ የእንግሊዝን ነገር ሳያጫውትህ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዉስተር ዋሪየርስ የሚባለው የራግቢ ክለብ በዕዳ ተዘፈቀ። የተጫዋቾቹን ውል የያዘው ከክለቡ የተለየ ድርጅት ነበር። ያ ድርጅት በፍርድ ቤት ሲፈርስ የተጫዋቾቹም ውል አብሮ ተቋረጠ። በዚያው ወር ሌላው ክለብ ዋስፕስ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቦንድ ሸጦ የተበደረውን 35 ሚሊዮን ፓውንድ መመለስ አቅቶት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ለንደን አይሪሽ የተባለው ክለብም ከሊጉ ታገደ። የእንግሊዝ ዋናው ሊግ ከ13 ክለቦች ወደ 10 ወረደ። አየርላንድ ግን አራቱ ትልልቅ ቡድኖች የብሔራዊ ራግቢ ማኅበሩ ናቸው፣ አንድ ባለሀብት ሲከስር አብረው አይወድቁም። የእናንተም ውል በማን ስም እንደሚያዝ ከአሁኑ ይታወቅ።

ጫማውና መለያው ስጦታ ነው ወይስ ውሰት? ጠይቁትና በጽሑፍ ይሁን። ስትኮራረፉ «አውልቁ» እንዳይላችሁ። ስሙንና አርማውን በማኅበሩ ስም በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቡ። ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። ከ18 ዓመት በታች የሆኑት ራሳቸው አይፈርሙ፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርምላቸው።

አሁን ያቺን ሦስተኛ መስመር ሰርዙና በምትኳ ይህን ጻፉ፦ «ስፖንሰሩ ለሁለት ዓመት መለያ፣ ጫማና የጉዞ ወጪ ይሸፍናል። ማኅበሩ በምላሹ የንግድ ስሙን በመለያው ደረት ላይ ያትማል። የቡድኑ ስም፣ አርማና በውድድሩ የመሳተፍ መብት የማኅበሩ ነው። ውሉን ማቋረጥ የፈለገ ወገን ከሦስት ወር በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል።» ሁለት ምስክር ይፈርምበት፣ ኮፒውም እናንተ ጋ ይቅር። «ንብረት» የምትለዋን ቃል ካልተወ፣ ከመፈረማችሁ በፊት መልሳችሁ ጻፉልኝ።