ለገንዳው የትኛው ውሃ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ግቢያችን ውስጥ 8 በ4 ሜትር የሆነ መዋኛ ገንዳ አለን። ለጥገና ባዶ አድርገነው ነበር፤ አሁን ልንሞላው ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ጎረቤታችን ከጉድጓዳቸው በነፃ ቅዱ ብለውናል። ቦቴ ማስመጣትም እንችላለን። የቱ ይሻላል? ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ የጎረቤትሽን ውሃ ውሰጂ። ግን መጀመሪያ ፈትሺው።

የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ነው። ማንቆርቆሪያሽን ከፍተሽ እዪው፤ ውስጡ የተጋገረው ነጭ ነገር ሴራሚክሽም ላይ ይጋገራል። የከተማው ቧንቧም የከርሰ ምድር ውሃ ስለሆነ ከኖራው አያስጥልሽም። ደግሞ ሰው ጀሪካን ደርድሮ ፈረቃ እየጠበቀ ገንዳ በቧንቧ መሙላት፣ አቦ፣ ደስ አይልም። በቦቴ የመጣ ሁሉ ንጹህ ነው ማለት አይደለም፤ ሾፌሩን ከየት እንደቀዳና ቦቴው በፊት ምን ይጭን እንደነበር ጠይቂው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ፓምፑን አስነሺና ቱቦ ውስጥ ያደረው ውሃ ይፍሰስ። ከዚያ ነጭ ባልዲ ሙዪ፣ ትንሽ በረኪና ጠብ አድርጊበትና ይደር። ጠዋት ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ ብረት ወይም ማንጋኒዝ አለበት፤ ያንን ውሃ ተዪው፣ ሴራሚኩን ያበላሻል። ነጭ ጉም ከመሰለ ኖራ ነው፤ እሱን መያዝ ይቻላል። ላብራቶሪ ካስመረመርሽ የካልሲየም ጥንካሬው (የኖራው መጠን ማለት ነው) በሊትር ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) 7.2 አካባቢ ያዢው። የዱቄት ክሎሪን ብዙውን ጊዜ ራሱ ካልሲየም ስላለው ፈሳሹን ግዢ።

ከሙሌቱ ይልቅ የሚያስቸግርሽ በየቀኑ የምትጨምሪው ነው። በሙቀቱ ወራት ከገንዳሽ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ቢተን ወደ 190 ሊትር፣ አንድ በርሜል ገደማ ማለት ነው። ውሃው ይሄዳል፣ ኖራው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ማታ ማታ ሸፍኚው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የቆርቆሮውን ዝናብ ሮቶ ውስጥ አጠራቅሚ፤ ኖራ የለውም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ዝናብ ግን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይፍሰስ። የደቻቱን ወንዝ ጎርፍስ? እንዳታስቢው!

በቧንቧ ስትጨምሪ የጎማውን ጫፍ ውሃው ውስጥ አትንከሪው፤ ከላይ አንጠልጥዪው። ፈረቃው ድንገት ሲያበቃ መስመሩ የገንዳሽን ውሃ ወደ ኋላ ሊስበው ይችላል።