ያለ ማስጠንቀቂያ ለተባረረው ጥበቃ ነፃ የሕግ ምክር (መልስ)

ጎረቤትህ ከጥበቃ ሥራው ያለ ማስጠንቀቂያ ተባሮ፣ ለጠበቃ ገንዘብ ስለሌለው የት ይሂድ ብለህ ጠይቀሃል። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ውሰደው። ብዙዎቹ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ያማክሩታል፤ አቤቱታም ይጽፉለታል። በሥራ ክርክር ደግሞ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ገና ሳይጀምር ተስፋ ይቆርጣል።

ሕጉን ራስህ ማየት ከፈለግክ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከነጋሪት ጋዜጣው አንብብ። በቴሌግራም የሚዞረውን ማጠቃለያ አትመን። የተሻረውን አዋጅ 377/1996 አንቀጽ እየጠቀሱ የሚጽፉ አሁንም አሉ።

ሲሄድ የሥራ ውሉን፣ የሥራ መታወቂያውንና የስንብት ደብዳቤውን ይያዝ። ደብዳቤ ካልሰጡትም ግድ የለም፤ ደመወዝ የገባበት የባንክ መግለጫና አብረውት የሠሩ ምስክሮች ይጠቅሙታል።

አንድ ነገር ግን አደራ! ብዙ ሰው ሲከስር ያየሁት በይርጋ፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ 6 ወር ነው። አሠሪው «ሰሞኑን እንጠራሃለን» እያለ ቢያባብለውም ቀኑ ይቆጠራል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ይሂድ።