ገደሉን አይቶታል፦ የቀን ሠራተኞችን ስለ ሥራ ደኅንነት ለምታሠለጥኑ ወጣቶች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ እየደጋገማችሁ ታነሱብኛላችሁ። "የቀን ሠራተኞችን ስለ ሥራ ላይ ደኅንነትና ጤና እንድናሠለጥን ተመድበናል፤ ከየት እንጀምር?" ትላላችሁ። አንዳንዶቻችሁማ ስላይዱን ጨርሳችሁ ልካችሁልኛል። አየሁት፣ ቆንጆ ነው። ግን ለእነሱ አይሆንም።

ስላይዱ የሚነሳው "ሠራተኛው አደጋውን አያውቅም" ከሚል ሐሳብ ነው። "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" የሚለው ተረት ለቀን ሠራተኛ አይሠራም። ገደሉን አይቶታል። እናንተ መወጣጫው ይወዛወዛል ብላችሁ ሳትነግሩት፣ እሱ ጠዋት ሲወጣ በእግሩ ሞክሮታል። የትኛው ጣውላ እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው ገመድ እንዳለቀ፣ ሥራ ሲቸኩል የትኛው ማሽን ያለ መከለያ እንደሚነሳ ያውቃል። ችግሩ ሌላ ነው። ያየውን ለማን እንደሚናገር አያውቅም። ቢናገር ደግሞ ነገ ስሙ እንዳይዘለል ይፈራል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሰው ሕመሙን የግሉ አድርጎ ስለሚይዝ፣ ወገቡን የሚያመው እሱን ብቻ ይመስለዋል።

ስለዚህ የእናንተ ሥራ ሰዎቹ የሚያውቁትን እርስ በርስ እንዲነጋገሩበት ማድረግ ነው። ከዚያም ከንግግሩ ውስጥ ሳይት ላይ የሚቀየር አንድ ነገር እንዲወጣ ትረዳላችሁ። የቡድን ሥራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው እንጂ ተሳታፊው እንዳያንቀላፋ አይደለም።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው በሰውነት ካርታ ነው። ሰው የሚያህል ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በአንዱ ላይ የሰው ቅርጽ ከፊት፣ በሌላው ላይ ከኋላ ይሣላል። ለእያንዳንዱ ሰው ማርከር ትሰጣላችሁ። ቀይ ለሚያም ቦታ፣ ሰማያዊ ለቆሰለ ወይም ለተቃጠለ ቦታ፣ ጥቁር ደግሞ ለሳል፣ ለራስ ምታት፣ ለጆሮ ጩኸት። ማንበብና መጻፍ አያስፈልግም፤ ነጥብ ማድረግ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰው ይግደረደራል። አንዱ ደፋር ተነስቶ ወገቡ ላይ ቀይ ያደርጋል፣ ሌላው ይስቅበታል። ከዚያ የሳቀውም ተነስቶ እዚያው ጎን ያደርጋል። ትንሽ ቆይቶ የኋላው ሥዕል ወገብ ቀይ በቀይ ይሆናል። ጉልበቱ ሰማያዊ ይሆናል። አንድ ጎልማሳ ግንበኛ ሥዕሉን ትኩር ብሎ አይቶ "እኔኮ እርጅና መስሎኝ ነበር" ሲል ሰምቻለሁ። አጠገቡ የቆመውና ልጁ ሊሆን የሚችለው ወጣት እዚያው ቦታ ላይ ነጥብ አድርጎ ነበር። ያኔ እናንተ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃላችሁ፦ "ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ቦታ ላይ ለምን ታመመ?" ከዚያ ዝም በሉ። ዝም ማለት ከባድ ነው፣ በተለይ ለተማረ ሰው።

ይህ ዘዴ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በጣሊያን ቱሪን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ኢቫር ኦዶኔ ከሚባል ሐኪም ጋር ሆነው፣ የሥራ ቦታቸውን አደጋ ራሳቸው ማጥናትና መመዝገብ ጀምረው ነበር። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በቡድን ተቀምጠው ያዩትን ያስተያያሉ። ቡድኑ የተስማማበት እንደ ማስረጃ ይያዛል። ባለሙያው ይረዳቸዋል፣ ግን አይተካቸውም። የዚያ ዘመን መፈክራቸው "ጤና አይሸጥም" የሚል ነበር። ለአደገኛ ሥራ የሚከፈል ጭማሪ ገንዘብ አደጋውን እንደማያጠፋ ስለገባቸው ነው ይህን ያሉት። የአደገኛ ቦታዎች ካርታ የምንለው ልምድም የተስፋፋው ከዚያ ነው።

የሳይቱን ካርታ በሁለተኛነት አሠሩ። ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ያለው ቡድን የሚሠራበትን ቦታ በራሱ እጅ ይሣል፦ መግቢያው፣ ጉድጓዱ፣ መሰላሉ፣ ማሽኑ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ውኃ የሚጠጣበት። ከዚያ አደጋ ያለበትን ያክብቡ። ትልቅ ክብ የሚገድል ነው፣ ትንሽ ክብ የሚያቆስል ነው። ክቡ ትልቅ ይሁን ትንሽ ብለው ሲከራከሩ ጣልቃ አትግቡ። ትምህርቱ ያለው ክርክሩ ውስጥ ነው።

"ገደሉን አይቶታል" ያልኩት ግን ለሚታየው አደጋ ነው። የማይታይም አለ፤ የእናንተ ዕውቀት ቁም ነገር የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ኮንክሪትና ድንጋይ ሲቆረጥ ሲሊካ የሚባል ደቃቅ የድንጋይ ብናኝ ይወጣል፤ ከሁሉ የከፋው ክፍሉ በዓይን አይታይም። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ የሚያስከትለው ጠባሳም አይመለስም። ሲቆረጥ ውኃ ቢንጠባጠብበት ብናኙ እጅግ ይቀንሳል። እርጥብ ሲሚንቶም እንዲሁ ነው። ተንበርክኮ የሚሠራ ሰው ሱሪው ሲርስ መጀመሪያ ምንም አይሰማውም፤ ሕመሙ ሲጀምር ቆዳው ተቃጥሏል። በሰውነት ካርታው ጉልበት ላይ ያያችሁት ሰማያዊ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እናንተ ስታብራሩት የሰው ፊት ሲበራ ታያላችሁ፤ ምክንያቱም ነጥቡን ያደረገው ራሱ ነው።

ቁፋሮን ግን በቃል አታስረዱ፣ አሳዩ። አንድ ሰፊ ሣጥን አፈር ሙሉበት። እጃችሁን አስገብታችሁ ቀጥ ያለ ጠባብ ቦይ ቁረጡ። አፈሩ ትንሽ እርጥብ ከሆነ ግድግዳው ይቆማል፣ የሚያይ ሰውም "ጠንካራ ነው" ይላል። ከዚያ የወጣውን አፈር ጠርዙ ላይ ከምሩ፣ ሳይት ላይ እንደሚደረገው። ሣጥኑን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት፣ መኪና አጠገቡ እንዳለፈ ያህል። ግድግዳው ሳይታሰብ ይናዳል፤ መጀመሪያ ይሰነጠቃል ብሎ የጠበቀ ሰው ይደነግጣል። ከዚያ አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1.5 ቶን ገደማ እንደሚመዝን ንገሯቸው። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆንም ደረቱ ማበጥ ስለማይችል ትንፋሽ ያጥረዋል። የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ 1.5 ሜትር የደረሰ ጉድጓድ ግድግዳው ካልተደገፈ ወይም ተዳፋት ሆኖ ካልተቆረጠ ሰው አይግባበት የሚሉት ልማዶች ያኔ ትርጉም ይኖራቸዋል። እንደ አፈሩ ዓይነት ከዚያ ያነሰውም ይናዳልና ሣጥኑን በደረቅ አሸዋም ድገሙት።

አሁን ወደ መፍትሔ። እዚህ ላይ ብዙ ወጣት አሠልጣኝ ይሳሳታል። "ምን እናድርግ?" ሲባል የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ ሄልሜትና ጓንት ነው። ሄልሜት ጥሩ ነው። ግን አደጋው ቦታው ላይ እንዳለ ትቶ ሰውየውን ብቻ የሚያለብስ መፍትሔ ከሁሉ ደካማው ነው። መጀመሪያ አደጋውን ማጥፋት፣ ካልተቻለ አነስተኛ አደጋ ባለው መተካት፣ ካልተቻለ መከለል፣ ከዚያ የሥራውን አደረጃጀት መቀየር፣ መጨረሻ ላይ መከላከያ ልብስ። ይህን በዝርዝር አታንብቡላቸው። መፍትሔዎቹን በሥዕል ካርድ ላይ አድርጉና "ፎርማኑ ባይኖርም፣ ሰው ቢደክመውም የሚሠራው የቱ ነው?" ብላችሁ በደረጃ እንዲደረድሩ አድርጉ። ራሳቸው ይደርሱበታል።

የሲሚንቶ ከረጢትን ውሰዱ። "ጉልበትህን አጥፈህ አንሳ" ስንት ዘመን ተባለ? የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ባወጣው ስሌት፣ ሁሉ ነገር ተመቻችቶ እንኳ አንድ ሰው በእጁ ለማንሳት የሚመከረው ጣሪያ 23 ኪሎ ነው። ከረጢቱ 50 ኪሎ ነው። ጉልበት ቢታጠፍ ባይታጠፍ ሒሳቡ አይገጥምም። በአንዳንድ አገሮች ከረጢቱን ራሱን ወደ 25 ኪሎ አወረዱት። ያ ባይቻል እንኳ ለሁለት ማንሳት፣ ጋሪ ማቅረብ፣ ከረጢቱን መሬት ላይ ሳይሆን ወገብ ከፍታ ላይ ማራገፍ ይቻላል። የመጨረሻው ምንም ብር አያስወጣም፤ ያመጣውም ብዙውን ጊዜ ተሸካሚው ራሱ ነው።

ስለ ሴቶች አንድ ነገር ልበል። ሴት የቀን ሠራተኞችን ለብቻቸው አንድ ቡድን አድርጉ፤ ከተቻለ አወያይዋም ሴት ትሁን። በተቀላቀለ ቡድን ካርታው ላይ መጸዳጃ ቤት አይሣልም። ለብቻቸው ሲሆኑ ግን ትልቁ ክብ እዚያ ላይ ያርፋል። መጸዳጃ ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ውኃ አይጠጡም። በሙቀት ላይ ውኃ አለመጠጣት ምን እንደሚያደርግ እናንተ ታውቃላችሁ። በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ጠጡ ብላችሁ ብትመክሩ፣ መጸዳጃ በሌለበት ምክሩ ባዶ ነው።

ሙቀትን ካነሳን አይቀር፣ የቀን ሥራ የተለየ ጣጣ አለው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ በሙቀት የሚሞቱ ሠራተኞች ብዙዎቹ የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ የሥራ ቀናት ነው። የቀን ሠራተኛ ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ ነው። ከሥራ ፈት ሳምንት በኋላ ሲመጣ "ልምድ አለው" ተብሎ ሙሉ ቀን ይጫንበታል። አዲስ የመጣን ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀለል ያለ ሥራ ላይ ማዋል ከየትኛውም ፖስተር ይሻላል።

ከባዱ ልምምድ ድራማው ነው። አንዱ ፎርማን ይሆናል፣ ሁለቱ ሠራተኛ። ፎርማኑን የሚጫወተው ሰው ሁልጊዜ አሪፍ ነው፤ ቁጣውን፣ "ካልተመቸህ በሩ ያውልህ" የምትለዋን ሳትቀር ያመጣታል። ሰው በሳቅ ይሞታል። ከሳቁ በኋላ ቁም ነገሩ ይመጣል፦ እንዴት ቢባል ይሻላል? ብቻውን ከሚናገር ሁለት ሦስት ሆኖ መናገር። ችግሩን ብቻ ሳይሆን መፍትሔውንም ይዞ መሄድ፦ "ይሄ ጣውላ ተሰንጥቋል፣ እዚያ ጋ ሌላ አለ፣ አሥር ደቂቃ ስጠን እንቀይረው።" ደጋግመው ይለማመዱት፣ ቃሉ አፋቸው ላይ እስኪለመድ።

እዚህ ላይ ግን ጀብድ አታስተምሩ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ቁጥር 155 ስምምነት፣ ሕይወቱ ላይ የቀረበ ከባድ አደጋ አለ ብሎ በቂ ምክንያት ይዞ ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ ተገቢ ያልሆነ ቅጣት እንዳይደርስበት ይላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ደኅንነቱና ጤናው የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ጋር ደምሮታል። ይህን ንገሯቸው፣ መብታቸው ነው። ግን የቀን ሠራተኛን ማንም "አባረርኩህ" አይለውም፤ ነገ አይጠራም፣ በቃ። እናንተ ወር ጠብቆ ደሞዝ ይገባላችኋል። ስለዚህ ከሥልጠናው በፊት ከአሠሪው ጋር ተነጋገሩ። ማን ምን እንዳለ ሳይጠቀስ የቡድኑን ሐሳብ ለአሠሪው የምታቀርቡት እናንተ እንደሆናችሁ ተስማሙ። ፎርማኑ ውይይቱ ውስጥ አይቀመጥ፤ ለእሱ ሌላ ቀን ያዙለት። እሱም ከላይ የሚጫነው ሰው አለ።

የሥልጠናው ሰዓት ደግሞ የሚከፈልበት ይሁን። ያው ቁጥር 155 ስምምነት የደኅንነት እርምጃ ሠራተኛውን ወጪ ሊያስወጣው አይገባም ይላል። የቀን ገቢውን ትቶ የሚመጣ ሰው የለም፤ ከሥራ በኋላ ስትጠሩት ቢመጣም ደክሞት ነው። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ጥቂት ደቂቃ፣ በየጊዜው፣ አንድ ጉዳይ ብቻ። ቀኑን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ከርችሞ ባነር ሥር ፎቶ ማስነሳት ለሪፖርት ያምራል፣ ሌላ ጥቅሙን አላየሁም።

"የዛሬዎቹን አሠልጥነን ነገ ሌሎች ይመጣሉ፤ ምን ዋጋ አለው?" ብላችሁም ጠይቃችሁኛል። እውነት ነው፣ ሰው ይለዋወጣል። ለዚህ የሠራልኝ ዘዴ ካርታውን ቢሮ ውስጥ አለማስቀመጥ ነው። ጠዋት ስም የሚመዘገብበት በር ላይ ይለጠፍ። የተስተካከለ ክብ ላይ ኤክስ ይደረግበት፣ አዲስ የታየ ይከበብበት። ማርከሩ በገመድ እዚያው ይታሰር፣ አለበለዚያ በሁለተኛው ቀን የለም። አዲስ ለመጣው ሰው ካርታውን የሚያሳየው ትናንት የነበረ ሠራተኛ ይሁን፤ ለዚህ የሚወስደውን ጊዜም አሠሪው እንደ ሥራ ይቁጠርለት። እናንተ በሳምንቱ ተመልሳችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ የምታዩት ኤክስ ያልተደረገባቸውን ትልልቅ ክቦች ነው። እነሱን ይዛችሁ ወደ አሠሪው ቢሮ ትገባላችሁ።