አርባዎቹን ካርዶች ሳታዪ ገንዘብሽን አታውጪ

ውድ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለንደን እንደምትኖሪ፣ ታሮት በሚባሉ ባለ ሥዕል ካርዶች የወደፊቱን ማንበብ ለመማር ወስነሽ እስከ 65 ፓውንድ እንዳዘጋጀሽ፣ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ የማርሴይ ካርታ (የቆየውን የፈረንሳይ የታሮት እሽግ) በአንድ ሱቅ መስኮት አይተሽ ዓይንሽ እዚያው እንደቀረ፣ ነገር ግን ጓደኛሽ «የመጀመሪያው ካርታ በስጦታ ይመጣል እንጂ አይገዛም» ስላለችሽ እንዳመነታሽ ጽፈሻል። ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ራሴ እስኪመስለኝ ድረስ ደነገጥኩ፤ ከስድስት ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ፣ እንዲሁ ባለ ወርቅ ጠርዝ የማርሴይ ካርታ፣ እንዲሁ በመስኮት አይቼ በ62 ፓውንድ ገዝቻለሁና። ስለዚህ ታሮት ምን እንደሆነ ማስረዳቱን ለሌሎች ትቼ፣ ከመክፈልሽ በፊት ማወቅ የሚገባሽን ብቻ በቁጥር አስቀምጥልሻለሁ።

አንደኛ፣ ስጦታ አትጠብቂ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቄያለሁ፤ ለመሆኑ ማን ሊሰጠኝ ነበር? እናቴ በስልክ «ካርታ ልማር ነው» ስላት ቁማር የጀመርኩ መስሏት ሱባኤ የያዘች ሴት ናት። እዚህ ያሉት ጓደኞቼም ለልደቴ የሚያመጡልኝ ሽቶና ነጠላ ነው። ደግሞም የጓደኛሽን አባባል ታሪክ አይደግፈውም፤ ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ ሲጀመር እኛ ኮንከር እንደምንጫወተው ሰዎች ተሰብስበው የሚጫወቱበት ካርታ ነበር፤ የወደፊቱን ለማንበብ በሰፊው መዋል የጀመረውም በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ነው። የመጫወቻ ካርታ ደግሞ ከጥንትም ይሸጣል፣ ይገዛል።

ሁለተኛ፣ ካርታውን በመስኮት በሚታዩት ካርዶች አትመዝኚው። ከ78ቱ ካርዶች መካከል ሜጀር አርካና የሚባሉት 22ቱ፣ እንደ ፀሐይ፣ ጨረቃና ፍትሕ ያሉት ዋና ካርዶች፣ በየትኛውም እሽግ ላይ ሥዕል አላቸው፤ ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ፈረሰኛውና አሽከሩ የሚታዩባቸው 16ቱ የቤተ መንግሥት ካርዶችም እንዲሁ ናቸው። ሻጮች ደርድረው የሚያሳዩሽም እነዚህኑ ነው። የቀሩት 40ዎቹ ግን፣ ማለትም ከአንድ እስከ ዐሥር የሚቆጠሩት በትሮች፣ ጽዋዎች፣ ሰይፎችና ሳንቲሞች፣ ብቻቸውን ከእሽጉ ከግማሽ ይበልጣሉ፤ ስታነቢም ደጋግመው የሚወጡልሽ እነርሱ ናቸው። በማርሴይ ካርታ ላይ አምስት ጽዋ ማለት አምስት ጽዋና ጥቂት ቅጠል ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም የለም። በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በታተመው፣ ዌይት የተባለ ሰው አስቦት ስሚዝ የተባለች ሠዓሊ በሳለችው የዌይትና የስሚዝ ካርታ ላይ ግን ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው በተደፉ ሦስት ጽዋዎች ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ከኋላው ሁለት ጽዋዎች ሳይደፉ ቆመዋል፤ እርሱ ግን አላያቸውም። የትኛው ካርድ ለጀማሪ እንደሚናገር አንቺው ፍረጂ። አክስቴ የቡና ስኒ ደፍታ ስታነብ በአተላው ውስጥ መንገድ፣ ወፍ፣ የተዘጋ በር ትፈልግ ነበር፤ ባዶ ስኒ ብትሰጪያት እርሷም ዝም ከማለት በቀር ምርጫ አልነበራትም።

ይህን ያወቅሁት ግን ከከፈልኩ በኋላ ነው። ያን ቅዳሜ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ዓይኔ በእንቅልፍ እንደከበደ ወደ ሱቁ ገባሁ። «ታሮት» ብዬ ስጠይቅ ሻጩ ፈገግ ብሎ «ታሮ» ሲል አረመኝ። በእንግሊዝኛ የመጨረሻዋ ድምፅ እንደማትነገር ያን ዕለት ተማርኩ፤ ትምህርቱን ወረፋ በያዙ ሰዎች ፊት ባይሰጠኝ ግን እመርጥ ነበር። ከየት እንደመጣሁ ጠይቆኝ ኢትዮጵያ ስለው፣ ካርታው ከጥንታዊት ግብጽ የመጣ ስለሆነ ለእኔ ቅርብ እንደሚሆን ነገረኝ። ዓባይ ያዛምዳችኋል ለማለት ካልሆነ በቀር ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። በኋላ እንዳነበብኩት የግብጹን ወሬ በጽሑፍ ያሰራጨው ኩር ደ ጀብለን የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን ዓመቱም 1781 ነው፤ በዚያ ዘመን የጥንት ግብጻውያንን የሥዕል ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ሻምፖልዮን የተባለው ሊቅ የአነባበቡን ቁልፍ ያስታወቀው በ1822 ነውና። ሻጩ ግን የዓይን ምስክር ይመስል በእርግጠኝነት ይናገር ነበር። እኔም ዳግመኛ እንዳልታረም ፈርቼ፣ ሳጥኑ በላስቲክ የታሸገ ስለነበረ ውስጡን አሳዩኝ ሳልል ከፈልኩ። ውድ ያስከፈለኝ ስሕተት ይህ ነው፤ አስምሪበት።

ቤቴ ደርሼ ለጀማሪዎች የተጻፈውን መጽሐፍ ከጎኑ ዘረጋሁ። መጽሐፉ የተዘጋጀው እንደ አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ መማሪያዎች የዌይትንና የስሚዝን ካርታ መሠረት አድርጎ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ኃይል የተባለው ካርድ 8ኛ፣ ፍትሕ 11ኛ ነው፤ በእጄ ባለው ካርታ ላይ ግን ፍትሕ 8ኛ፣ ኃይል 11ኛ ሆኖ አገኘሁት። ዌይት ሁለቱን ቦታ እንዳቀያየራቸው ስላላወቅሁ የማተሚያ ቤቱ ስሕተት መስሎኝ ቁጥሮቹን በእስክርቢቶ ላርማቸው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ሰይፎቹና በትሮቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበሩ፤ በማርሴይ ካርታ ሰይፎቹ እንደ ቅስት የጎበጡ መስመሮች፣ በትሮቹ ቀጥ ብለው የተጠላለፉ እንጨቶች ስለሆኑ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል አንዱን በሌላው ስም ሳነብ ቆየሁ። መጽሐፉ «ሰውዬው ወዴት እንደሚመለከት ልብ በሉ» ሲል እኔ ካርዱን አገላብጬ ሰው እፈልጋለሁ። ሰው የለም።

በዘጠነኛው ቀን ካርታውን በሳጥኑ መልሼ ወደ ሱቁ ሄድኩ። አንድም ካርድ ጥጉ አልታጠፈም፤ ደረሰኙም በእጄ ነበር። በዚህ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ፣ ካርዶቹ የእኔ መንፈስ ስለገባባቸው ለሌላ ሰው ሊሸጡ እንደማይችሉ ነገረችኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምንም አልነግር ያሉኝ ካርዶች መንፈሴን መቼ እንደወሰዱት ብጠይቃት ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ እንግሊዝኛዬ ግን ስናደድ ጥሎኝ ይሄዳል። ኃላፊ ጥሪልኝ ብላት ኃላፊዋ እርሷ ሆና ተገኘች። የሚያበሳጨው ሕጉም ከእርሷ ጋር መሆኑ ነው፤ በእንግሊዝ አገር በኢንተርኔት የገዛሽውን ዕቃ ከተረከብሽበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀናት ውስጥ ሐሳቤን ቀየርሁ ብለሽ ግዢውን መሰረዝ ትችያለሽ፤ ሱቅ ገብተሽ የገዛሽውን ግን ዕቃው ጉድለት ከሌለበትና ሱቁ ራሱ ካልፈቀደ የመመለስ መብት የለሽም። በስልኬ አዝዤው ቢሆን ኖሮ አምስት ቀን ይቀረኝ ነበር። ስለዚህ ከሱቅ የምትገዢ ከሆነ ከመክፈልሽ በፊት ስለ መመለስ ጠይቂ፤ መልሱንም በደረሰኙ ላይ እንዲጽፉልሽ አድርጊ።

ቁጥሬ የት ላይ እንደደረሰ ጠፋኝ፤ ሦስተኛ እንበለው። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ከማርሴዩ ጋር ታግዬ ልተወው ስል፣ በሰፈሬ ባለ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት የበጎ አድራጎት ሱቅ የዌይትና የስሚዝን ካርታ በ9 ፓውንድ አገኘሁ። በዚህ ጊዜ አላፈርኩም። ከኋላዬ ሰዎች ተሰልፈው እያዩኝ 78ቱንም በጠረጴዛው ላይ ቆጠርኩ፤ አርባዎቹንም አንድ በአንድ ገለበጥኩ። በመካከሉ ዐሥር በትር ወጣ፤ አንድ ሰው ዐሥር እንጨት በሁለት እጁ አቅፎ፣ ጎብጦ፣ ፊቱ በሸክሙ ተሸፍኖ ወደ ከተማው ይሄዳል። መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለገኝም፤ ከእንጦጦ ቁልቁል እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች እያየሁ ነው ያደግሁት። ስድስት ሰይፍም ወጣ፤ የተከናነበች ሴትና አንድ ልጅ በጀልባ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው የቆመው ሰው ይቀዝፋል፤ ሰይፎቹም አብረዋቸው ይሻገራሉ። ስደት ያየ ሰው በዚህ ካርድ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያወራል። ዛሬ በየወሩ ቡና በምናፈላበት ቀን ዘጠኝ ሴቶች ካርዶቼን እንድዘረጋላቸው ይጠይቁኛል፤ ከእነርሱ አንዷም መጽሐፍ ስገልጥ አይታኝ አታውቅም።

እነዚህን ሥዕሎች የሳለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። ሥራውን ባጠናቀቀችበት በ1909 ለወዳጇ ለፎቶግራፍ አንሺው አልፍሬድ ስቲግሊትስ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ሥራው ትልቅ፣ ክፍያው ግን እጅግ ጥቂት እንደሆነ ነግራዋለች። ካርታው ለረጅም ዘመን ሲጠራ የኖረውም በአሳታሚው በራይደርና ሐሳቡን ባቀረበው በዌይት ስም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሠርታ ጠዋት ምስጋናውን ሌላው ሲወስድ ያየች ሴት ሁሉ ለምን «የስሚዝ» የሚለውን ቃል እንደማልዘልለው ይገባታል። የእርሷ ጉዳይ ለግዢሽም ይጠቅምሻል፤ የስሟን ሦስት የመጀመሪያ ፊደላት ጠምዝዛ የሠራችው ምልክት በአብዛኞቹ ካርዶች ታችኛ ጥግ ላይ ይገኛል፤ በአስመስሎ የተሠራ ካርታ ላይ ብዙውን ጊዜ ይህ ምልክት ደብዝዞ ወይም ተቆርጦ ታገኚዋለሽ። በ6 ፓውንድ የሚሸጡ፣ ካርዳቸው ስስ የሆነ፣ በመጽሐፍ ፈንታ በስልክ የሚነበብ ኮድ ብቻ የያዙ እሽጎችን ተጠራጠሪ። አንዲት ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ገዝታ ሁለት ፀሐይና ዜሮ ጨረቃ ደርሷታል፤ እርሷ ግን እንደ መልካም ምልክት ነው የወሰደችው።

ስለ ሌሎቹ ብዙ አልልም። «ኦራክል» የተጻፈበት ካርታ ታሮት አይደለም፤ የካርዶቹ ብዛትም ትርጉማቸውም እንደ አዘጋጁ ፈቃድ ስለሚለያይ ከአንዱ የተማርሽው ለሌላው አይሠራም። አሌስተር ክራውሊ ያቀደውና ፍሪዳ ሃሪስ ከ1938 እስከ 1943 የሳለችው የቶት ካርታም ውብ ነው፤ ነገር ግን በቤተ መንግሥት ካርዶቹ ላይ ንጉሥ የለም፤ ኃይል የሚባለውም ካርድ ስሙ ሌላ ነው፤ እኔ ባለፍኩበት ግራ መጋባት እንድታልፊ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የታሮት ካርድ በተለምዶ 7 ሴንቲ ሜትር በ12 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከምናውቀው የመጫወቻ ካርታ ይረዝማል፤ እጅሽ እንደ እኔ ትንሽ ከሆነ በቁመቱ ሳይሆን በጎኑ ይዘሽ በውዢው፤ አለበለዚያ ወለሉ ላይ ይበተናል።

ወደ ሱቁ ተመልሰሽ የምትሄጂ ከሆነ እንግዲህ የተከፈተ ናሙና እንዲያሳዩሽ ጠይቂና አምስት ጽዋን፣ ስድስት ሰይፍንና ዐሥር በትርን አውጥተሽ እዪ፤ በሦስቱም ላይ ሰው ካላየሽ መልሰሽ አስቀምጪው፤ ሻጩ ቢያርምሽም «ታሮት» ማለትሽን ቀጥዪ። ሁሉንም ሰምተሽ ከስድስት ወር በኋላ ልብሽ አሁንም ማርሴይ ካለ ደግሞ የእኔው በመሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ወርቁ አልተላጠም፤ 20 ፓውንድ ከሰጠሽኝ መንፈሴን ጨምሬ እሸጥልሻለሁ።