ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ታማሚዋ ተመለሱ

ልጆቼ፣ በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቃችሁ ወደ አዳማ ለምትመጡ ነው የምጽፈው። እኔ ዕድሜዬን ማይክሮስኮፕ ላይ ጨርሻለሁ። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝን አንድ ቀን ልንገራችሁ።

በጂቡቲ መንገድ ዳር የጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ነበረች። ኤችአይቪ በደሟ አለ። 3 ሳምንት ሙሉ ስታስል ከርማ መጣች። አክታዋን አንዴም ሁለቴም አየሁት፤ ምንም የለም። «ነፃ ነሽ፣ ቲቢ የለብሽም» አልኳት። መርቃኝ ሄደች። በዚያው ቀን ደሟን የሠራሁትም እኔው ነበርኩ። የሰውነት መከላከያ ሴሎቿ ቁጥር፣ ሲዲ ፎር የምንለው፣ 61፤ በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁመው ሲአርፒ ደግሞ 84። ሁሉንም በእጄ ጻፍኩ፤ አንድ ላይ ግን አላነበብኳቸውም።

በ12ኛው ቀን በባጃጅ አመጧት። ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለችውን አጭር መንገድ ሦስት ጊዜ ቆም እያለች ነው የጨረሰችው።

ምን ነበር የሳትኩት? የቲቢ ባክቴሪያ ወደ አክታ በብዛት የሚወጣው ሳንባው ላይ ቀዳዳ ሲፈጠር ነው። ቀዳዳው የሚመጣው ደግሞ ሰውነት ሲታገል ነው። አቅም ያጣ ሰውነት እንደዚያ አይታገልም። አክታውን የቀባንበት መስታወት፣ ስላይዱ፣ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ራጁም ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ሲዲ ፎር በወረደ ቁጥር «አክታው ነፃ ነው» የሚለውን ቃል እየተጠራጠራችሁ ስሙት።

ሲአርፒ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። እንደ ጎረቤት እሪታ ቁጠሩት። አንድ ነገር እንደተፈጠረ ትሰማላችሁ፤ ሌባ ይሁን እሳት ግን ሄዳችሁ ካላያችሁ አታውቁም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ቫይረሱ በደማቸው ባለ አዋቂዎች ላይ በሊትር ሲአርፒ ከ5 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ቲቢ ተጠርጥሮ ይመርመር ብሏል። ይመርመር ነው ያለው እንጂ ቲቢ ነው አላለም። የእሷ 84 ነበር፤ እኔ ደግሞ ወደ ቤቷ ሸኘኋት።

ሲዲ ፎር ስለ ሳንባው በቀጥታ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ የትኛው በሽታ በር ላይ እንደቆመ ነው። ከ200 በታች ሲሆን በፈንገስ የሚመጣው የሳንባ ምች፣ ፒሲፒ የምንለው፣ ይታሰባል። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው መከላከያ መድኃኒት የሚሰጠውም አንዱ ለዚህ ነው። ደረቅ ሳል ይኖራል፤ ተቀምጦ ደህና የሆነ ሰው ጥቂት ሲራመድ ኦክስጅኑ ይወርዳል። ቲቢና የተለመደው የባክቴሪያ ምች ግን 200ን አይጠብቁም።

ፒሲፒ ሲኖር ኤልዲኤች፣ ሴሎች ሲጎዱ ወደ ደም የሚለቀቀው ኤንዛይም፣ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። እዚህ ላይ የእኛ እጅ አለበት። ደሙ በግድ ከተሳበ ወይም ቱቦው ከተናጠ ቀይ ሴሎቹ ይፈርሳሉ፤ ኤልዲኤችም ያለ በሽታ ይጨምራል። ሴረሙ፣ ከደሙ የሚለየው ፈሳሽ፣ ቀላ ብሎ ካያችሁት እባካችሁ ድጋሚ ቅዱ። የሲዲ ፎሯን ሐምራዊ ክዳን ቱቦም በአዳማ ፀሐይ ባጃጅ ውስጥ አታንከራቷት። ፍሪጅም አትከቷት።

የሴትዮዋን ቲቢ በሁለተኛው ጊዜ በሽንት በሚሠራው የቲቢ ምርመራ ነው ያገኘነው። ጥቂት ጠብታ ሽንት፣ 25 ደቂቃ፣ ከዚያ ቲቢ መኖሩን የምታሳየው መስመር ወጣች። ያኔ አጠገቧ ተቀመጥኩና ስለ መድኃኒቷ ጠየቅኳት። የኤችአይቪ መድኃኒቷን ካቆመች 7 ወር ሆኗታል። መጀመሪያ ቀን ማንም አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኳትም።

የቲቢውን ሕክምና በ6 ወር ጨረሰች። የኤችአይቪ መድኃኒቷንም መልሳ ጀመረች። አሁንም እዚያው መንገድ ዳር ቡናዋን ታፈላለች። ሳልፍ ትጠራኛለች፤ ለአቦል ካልደረስኩ ትቆጣኛለች።