ወረርሽኝ ሲመጣ ኪራዩ፣ ሠራተኛውና ባዶው ክፍል፦ ጥያቄና መልስ

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ሆቴል፣ ካፌና የሚከራይ ፎቅ ያላችሁ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ከታች መልሻለሁ። አብዛኞቹ የ2012ን የኮሮና ወረርሽኝ አስታውሰው «ነገ ቢደገምስ?» የሚሉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አንድ ሕንፃ ሥር ምግብ ቤት ተከራይቻለሁ። ገበያ ቢጠፋ «ከአቅም በላይ ነው» ብዬ ኪራይ ማቆም እችላለሁ?

መልስ፦ ገበያ ስለጠፋ ብቻ አይችሉም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሚለው አስቀድሞ ሊታሰብ ያልቻለና ግዴታን ከመፈጸም ፍጹም የሚያግድ ነገርን ነው። ኪራዩ ከበደ ማለት ፍጹም ታገደ ማለት አይደለም። አንቀጽ 1764ም ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድ ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። መንግሥት «ዝጉ» ካለ ክርክርዎ ይጠነክራል፤ አንቀጽ 1793 የመንግሥት ክልከላን በምሳሌነት ይጠቅሳል። ያኔም ቢሆን አከራዩ «የተከለከለው ንግድህ እንጂ ገንዘብ መክፈል አይደለም» ማለቱ አይቀርም። ከ2012 በኋላ ደግሞ ወረርሽኝን «ማን አሰበው?» ብሎ መከራከር ከባድ ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ ውሉ ላይ ነው። የየትኛው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ የኪራይ ቅናሹን እንደሚያስጀምር፣ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋና የወንበር ቁጥር ብቻ ሲገደብ ኪራዩ በስንት በመቶ እንደሚቀንስ፣ ቅናሹ መቼ እንደሚያበቃ ይጻፍ። «በመነጋገር ይፈታል» የሚል አንቀጽ ምንም አይፈታም። ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለት ነገር አለ። አንዱ የጥበቃ፣ የጽዳትና የጄኔሬተር መዋጮ ነው፤ ኪራዩ ተቀንሶ መዋጮው እንዳለ ይቀራል። ሁለተኛው ቅድመ ክፍያ ነው። የ6 ወር ከፍለው በ2ኛው ወር ቢዘጋ፣ ቅናሹ ለቀጣዩ ጊዜ እንደተከፈለ ይቆጠር ወይስ ገንዘቡ ይመለስ? ይህ ካልተጻፈ ገንዘቡ በእጁ ያለው ሰው ያሸንፋል።

ጥያቄ፦ ተከራዬ አልከፈለም። ፍርድ ቤት ጊዜ ሊሰጠው ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1770 መሠረት ከ6 ወር የማይበልጥ፣ ውሉ በግልጽ ካልከለከለ።

ጥያቄ፦ በ2012 ኪራይ መጨመር ተከልክሎ አልነበረም? አሁንስ አዲስ የኪራይ አዋጅ ወጥቷል ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ማዕቀፍ ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ተከልክሎ ነበር። «ኪራይ አትክፈል» ግን አልተባለም፤ ብዙ ጠብ የተነሳው ይህን ካለመለየት ነው። የሰሙት አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ብቻ ነው፤ ሱቅና ቢሮ አይነካም።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ሆቴል አለኝ። እንግዳ ሲጠፋ ሠራተኛ ሳልበትን እንዴት ልቆይ?

መልስ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውልን ማገድ ይቻላል። ምክንያቱ ከአቅም በላይ የሆነ ወይም በእርስዎ ጥፋት ያልመጣ የገንዘብ ችግር ሆኖ፣ ሥራውን ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚያቋርጥ መሆን አለበት። ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ በጽሑፍ ያሳውቁ። የተሰረዙ ቡኪንጎችንና የዕለት ገቢ መዝገቡን አያይዙ። እገዳው ከ90 ቀን አይበልጥም። ጊዜው ሲያልቅ ሠራተኛው በማግስቱ ባለው የሥራ ቀን ይቀርባል፤ እርስዎም በቀድሞ ቦታውና ደመወዙ ይመልሱታል። በቃል ብቻ «ቤት ቆዩ፣ እንጠራችኋለን» ማለት እገዳ አይደለም፤ ኋላ ያልተከፈለ ደመወዝ ተብሎ ይመጣብዎታል።

ጥያቄ፦ ሁለት ፎቅ ዘግቼ ወጪ ልቀንስ ነው። ምን ይበላሻል?

መልስ፦ ውሃው። ቧንቧ ውስጥ የቆመ ለብ ያለ ውሃ፣ በተለይ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ያለው፣ ሌጂዮኔላ የተባለውን የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ ያራባል። ጣሪያ ላይ ፀሐይ የሚመታው ሮቶ እዚያ ሙቀት በቀላሉ ይደርሳል። በየሳምንቱ በየክፍሉ ቀዝቃዛውንም ሙቁንም ለ5 ደቂቃ ያፍስሱ። የሻወሩን ራስ ባልዲ ውስጥ ይንከሩት፤ ሰው የሚታመመው ብናኙን ሲተነፍስ ነው። ቦይለሩ 60 ዲግሪ ይሁን፤ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ 40 ላይ ማቆም የባሰውን ይጋብዛል። የወለል ማፍሰሻዎቹ ላይም ውሃ ይጨምሩ፤ ሲፎኑ (ሽታ የሚያግድ ውሃ የሚይዘው ጎባጣ ቧንቧ) ከደረቀ ሽታውና በረሮው ወደ ክፍል ይወጣል።

ጥያቄ፦ በረኪና ስንት ይደባለቅ?

መልስ፦ የበረኪናው ክሎሪን 5 በመቶ ከሆነ ለ10 ሊትር ድብልቅ 200 ሚሊ ሊትር፤ ይህ 0.1 በመቶ ይሆናል፣ ለእጀታና ለጠረጴዛ ይበቃል። ቀድሞ በሳሙና ይታጠብ፣ ቆሻሻ ክሎሪኑን ያዳክመዋል። በየቀኑ አዲስ ይደባለቅ። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በር ላይ ሰው ላይ መርጨትም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ ላለው አዳራሻችን ኤሲ እንግጠም?

መልስ፦ ተራው ስፕሊት ኤሲ ያንኑ አየር ያዞራል እንጂ ከውጭ አያስገባም። ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶችን መክፈት ይሻላል። በሰው ቢያንስ 10 ሊትር የውጭ አየር በሰከንድ ያስፈልጋል፤ በማይከፈቱ መስኮቶች ብቻ ለተሠራ አዳራሽ ገንዘቡን አየር ማስገቢያ ፋን ላይ ያውሉት።

ጥያቄ፦ ሆቴላችንን ለለይቶ ማቆያ ብናከራይስ?

መልስ፦ በ2012 ስካይላይትና ግዮን ለ14 ቀን ቆይታ አገልግለዋል፣ ወጪውም የመንገደኛው ነበር። እርስዎ ሲዋዋሉ ከፋዩ ማን እንደሆነ፣ ባዶ ክፍል ይከፈልበት እንደሆነ፣ የሕክምና ቆሻሻን ማን እንደሚያነሳ፣ ሲያበቃ የማጽጃውንና ክፍሉ ዝግ የሚቆይባቸውን ቀናት ሒሳብ ማን እንደሚሸፍን ያስጽፉ። የሠራተኛና የእንግዳ መወጣጫ ደረጃ ለየብቻ ከሌለዎት አይግቡበት።